ቀን ሳይቆጠር መመርመሪያ አይከፈትም

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ወጋችን በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ ነው። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጋችሁ የምታዳምጡ ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አላደርግም።

አንዲት ሴት አስቡልኝ። ወር አበባዋ ቀርቷል፤ ወይም የቀረ መስሏታል። በሰፈሯ ሁለት መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ የሁለቱም ባለሙያዎች እናቷን ያውቃሉ። ስለዚህ ታክሲ ይዛ ማንም ወደማያውቃት ሰፈር ትሄዳለች። ፋርማሲ ገብታ ሌላው ገዢ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ዋጋ እየጠየቀች ትቆያለች። ሰው ሲጠፋ፣ «እንትን… የእርግዝና መመርመሪያ ይኖራል?» ትላለች። በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣታል። በዚያው ማታ ትመረምራለች፤ አንድ መስመር ብቻ ይወጣል። ያልተዘጋጀች ከሆነች «ተመስገን» ብላ ትተኛለች፤ ልጅ ስትለምን የኖረች ከሆነች ደግሞ ስታለቅስ ታድራለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤት ቡና ሲቆላ ጢሱ ያስመልሳታል።

መመርመሪያው ዋሽቷታል? አልዋሻትም። የጠየቀችው ያለ ቀኑ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቀን ነው። ፋርማሲ ስለሚሸጠው ስስ ወረቀትም እናወራለን፤ ግን ከወረቀቱ በፊት ካላንደር ይቀድማል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ያቺ ወረቀት ፅንስን አታይም። የምትለየው አንድ ሆርሞን ብቻ ነው፤ ባለሙያዎች ኤችሲጂ ይሉታል። ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት ኋላ እንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሕዋሳት ናቸው። ታዲያ የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል በተገናኙ ማግስት ሆርሞኑ ሽንት ውስጥ አይገኝም። የተፀነሰችው ነገር በማህፀን ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለች ወደ ማህፀን ትወርዳለች፤ ቢያንስ ስድስት ቀን ገደማ ሳትጣበቅ ትቆያለች። በዚያን ጊዜ እናትየው ሽንቷን በአሥር መመርመሪያ ብትሞክረው ምንም አይነግራትም። ሆርሞኑ ወደ እናቲቱ ደም መግባት የሚጀምረው ያቺ እንግዳ ማህፀን ግድግዳ ላይ ስትጣበቅ ነው።

መቼ ነው የምትጣበቀው? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ሴቶቹ በየቀኑ ጠዋት ሽንታቸውን እያስቀመጡ ተመራማሪዎቹ ሆርሞኑ የታየበትን የመጀመሪያ ቀን መዘገቡ። ከዘለቁት እርግዝናዎች 84 በመቶው የተጣበቁት እንቁላሏ ከወጣች በ8ኛው፣ በ9ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ነበር። የቀደመችው በ6ኛው፣ የዘገየችው በ12ኛው ቀን። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላም ነገር አወጡ፤ ወር አበባ ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ቀን ከአሥር እርግዝና አንዷ ገደማ ገና አልተጣበቀችም። እንግዲህ በዚያ ቀን የዓለምን ምርጥ መመርመሪያ ብትገዙ ያቺን አንዷን አያገኛትም። ጥፋቱ የመመርመሪያው አይደለም፤ የሚለካ ነገር ገና አልተፈጠረም።

ከተጣበቀች በኋላ ሆርሞኑ ይፈጥናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል። ብዙዎቹ የቤት መመርመሪያዎች የሚነቁት መጠኑ በሆርሞኑ መለኪያ ከ20 እስከ 25 ሲደርስ ነው፤ በላቦራቶሪ የሚደረገው የደም ምርመራ ግን በ5 አካባቢ ይነቃል። እስቲ አብረን እናስላ። አንዲት ሴት እንቁላሏ ከወጣች በ9ኛው ቀን ሆርሞኑ 3 ነው እንበል። በ11ኛው ቀን 6፣ በ13ኛው 12፣ በ15ኛው 24። እንቁላል ከወጣች በ15ኛው ቀን ማለት ደግሞ ለብዙ ሴት ወር አበባ የሚጠበቅበት ቀን ወይም ማግስቱ ነው። ሕክምናው «ወር አበባሽ እስኪቀር ጠብቂ» የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ሒሳቡ እዚያ ላይ ነው የሚገጥመው። አንድ ሳምንት ብትጨምር መጠኑ በአሥር እጥፍ ገደማ ያድግና ጥርጣሬ አይኖርም።

በነገራችን ላይ ወር አበባው እንዳይመጣ ትእዛዝ የሚያስተላልፈውም ይኸው ሆርሞን ነው። ወደ እንቁላል ዕጢው ሄዶ «ማህፀኑን የሚያጸናውን ቅመም ማመንጨትህን አታቁም» ይለዋል። የወር አበባ መቅረትና የወረቀቷ ሁለት መስመር ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው ማለት ነው።

አሁን የግድግዳውን ካላንደር እናውርደው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ትንሽ ረዘም ብዬ ብናገር ደስ ይለኛል።

የእኛ ወር 30 ቀን ነው። የወር አበባ ዑደት ግን አማካዩ 28 ቀን ገደማ ሲሆን፣ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ነው። «ወር» አበባ ስላልነው ከወራችን ጋር እኩል የሚሄድ አይምሰላችሁ። ዑደቷ 28 ቀን የሆነች ሴት ጥቅምት 12 ካየች ቀጣዩን የምታየው ኅዳር 12 አይደለም፤ ኅዳር 10 ነው። ከዚያ ታኅሣሥ 8፣ ከዚያ ጥር 6 እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። «እኔ ሁልጊዜ በ12 ነው የማየው» የምትል ሴት ወይ ዑደቷ 30 ቀን ነው፣ ወይ ጽፋ አታውቅም።

ችግሩ የሚብሰው ክረምት ሲወጣ ነው። ነሐሴ 20 ያየች ባለ 28 ቀን ሴት ቀጣዩን መቼ ትጠብቅ? ብዙዎቻችን ጣታችንን አጥፈን «መስከረም 18» እንላለን። ጳጉሜን ግን መሃል ላይ ተቀምጣለች። ከነሐሴ 20 እስከ 30 አሥር ቀን፣ ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከዚያ 28ን ለመሙላት መስከረም 13 ይበቃል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 12። ጳጉሜንን የረሳች ሴት መስከረም 18ን «ዛሬ ነው ቀኔ» ብላ ስትጠብቅ እውነተኛው ቀን ካለፈ አምስት ቀን ሆኖታል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይሻሉ ነበር። «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለውን አነጋገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አምስቷ ቀን ጳጉሜን ናት። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ፅንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱን ታኅሣሥ 29 ታከብራለች፤ መሃሉ ዘጠኝ ወርና ጳጉሜን፣ ድምሩ 275 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት ወደ ታኅሣሥ 28 የሚመጣውም ይህ ቁጥር እንዳይፈርስ ነው። አንዲት ቀን እንዳትጨመር በዓሉን የሚያንቀሳቅስ ሕዝብ የራሱን ቤት ቀን ሲቆጥር ጳጉሜንን መርሳቱ ያስገርመኛል። አዋላጅ ነርሶቻችን አይረሷትም። የመውለጃውን ቀን ሲያሰሉ የመጨረሻው ወር አበባ ከጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደምራሉ፤ ጳጉሜን መሃል ከገባች አሥሩን ወደ 5፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች ወደ 4 ያወርዱታል። ሁሉም 280 ቀን ነው።

ይህ 280 የሚጀምረው ግን ከግንኙነቱ ቀን አይደለም፤ የመጨረሻው ወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ይህን ባለማወቅ የፈረሰ ቤት ሊኖር ይችላል። ባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው እንበል። ከመንገድ የገባው ከሁለት ሳምንት ተኩል በፊት ነው። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመለስ «የአራት ሳምንት ተኩል ነፍሰ ጡር ነሽ አሉኝ» ትለዋለች። ሰውየው ጣቱን ይቆጥራል፤ ፊቱ ይጠቁራል። አራት ሳምንት ተኩል! እኔ ያን ጊዜ ሞያሌ ነበርኩ! ጌታው፣ ይረጋጉ። ሐኪሙ የቆጠረው ሚስትዎ ወር አበባ ካየችበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ገና እንቁላሏም አልወጣችም። ከሐኪሙ ቁጥር ላይ ሁለት ሳምንት ይቀንሱ፤ የቀረው የእርስዎ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራነው ወር አበባዋ በቀኑ ስለሚመጣላት ሴት ነው። ቀኑ የማይታወቅላትስ?

እንቁላል ወጥታ ወር አበባ እስኪመጣ ያለው ጊዜ በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙም አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሕመም፣ ብርቱ ሐሳብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ረጅም ጉዞ እንቁላሏን ሊያዘገያት ይችላል። እንቁላሏ በአሥር ቀን ከዘገየች ወር አበባውም በአሥር ቀን ይዘገያል፤ ሴትየዋ ግን አልፀነሰች ይሆናል። ወይም ፀንሳ፣ ፅንሱ እሷ ከምታስበው በአሥር ቀን ያነሰ ይሆናል። ቀኗ ለተዘበራረቀባት ሴት ቀላሉ መንገድ ወር አበባን መተውና ከግንኙነቱ ቀን መቁጠር ነው። መከላከያ ሳይኖር ግንኙነት ከተደረገበት ከመጨረሻው ቀን 21 ቀን ይሙላው። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ መጣበቁም ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈጃል። 21 ቀን ይህን ሁሉ ያጠቃልላል። በሦስት ሳምንት ያልታየ እርግዝና እምብዛም የለም።

የሦስት ወር መርፌ የምትወጉ እህቶች ይህን ሕግ ያዙልኝ። በአገራችን ከወሊድ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ በብዛት የሚወሰደው መርፌ ነው፤ መርፌው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወር አበባን ያጠፋል። በክንድ የሚቀበረውም እንዲሁ ያዛባል። እንግዲህ «ወር አበባሽ ሲቀር መርምሪ» የሚለው ምክር ለእናንተ ምኑም አይደለም፤ መጀመሪያም የለም። ቀጠሮው ሳይዛባ የተወጋች ሴት በየወሩ እየተጨነቀች መመርመሪያ መግዛት የለባትም። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ግንኙነት ካደረገች ግን 21 ቀኑን ትቁጠር። መርፌውን ያቆመች ሴትም ወር አበባዋ ቶሎ ባይመለስ «አርግዣለሁ» ወይም «መከንሁ» ብላ አትደንግጥ። ልጅ የመውለድ አቅሟ እስኪመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ እስከ አንድ ዓመት የሚቆይባትም አለች።

ብዙዎች ፖስት ፒል የሚሉትን የድንገተኛ ጊዜ እንክብል የወሰደችም አለች። እንክብሉ ወር አበባን በቀናት ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። ከሚጠበቅበት ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየ ትመርመር።

ጡት የሚያጠቡ እናቶችስ? «ጡት እያጠባሁ አላረግዝም» የሚለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ሌላ ምግብ ካልቀመሰ፣ እናቲቱም ከወለደች ወዲህ ወር አበባ ካላየች ሦስቱ ተደምረው ጥሩ መከላከያ ይሆናሉ። አንዱ ከጎደለ መከላከያው ፈረሰ። ተንኮሉ ያለው እዚህ ነው፤ ከወሊድ በኋላ እንቁላል የምትወጣው ወር አበባ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት አስቀድማ ነው። ወር አበባዋን ሳታይ ደግማ የፀነሰች እናት በየመንደሩ አለች፤ ሆዷ ሲገፋ ነው የምታውቀው።

አሁን ወረቀቷን እንክፈት። መመሪያው ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ እኔ ልንገራችሁ።

አስቀድማችሁ ማብቂያ ቀኑን እዩ። ማሸጊያው ላይ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ተብሎ የሚጻፈውን የሙቀት ልክም ልብ በሉ፤ በአፋር ወይም በጋምቤላ ፀሐይ መስኮት ላይ የከረመ መመርመሪያ አይታመንም። የተሻለው ሽንት የጠዋቱ የመጀመሪያው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለተጠራቀመ ሆርሞኑ ወፍራም ነው። በተለይ ቀኑ ገና ካልገፋ ይህ ብዙ ለውጥ አለው። «ሽንቴ እንዲመጣ» ብላችሁ ውኃ በጆግ አትጠጡ፤ ያው ሆርሞን በብዙ ውኃ ይቀጥናል። ንጹሕና ደረቅ ኩባያ ይሁን፤ የሳሙና ቅሪት ያለበት ዕቃ ሥራውን ያበላሻል። ወረቀቷን ከማሸጊያዋ የምታወጧት ልትጠቀሙባት ስትሉ ነው። ቀስቱ ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ከተሰመረው ልክ ሳታሳልፉ ሽንቱ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ፣ መመሪያው ላይ እንዳለው፣ ያዟት። ከዚያ አግድም አስተኟት፤ ሰዓት እዩ።

ሽንቱ ወረቀቷ ውስጥ እየሳበ ሲወጣ ሁለት ቦታ ያልፋል። አንደኛው ቦታ ኤችሲጂ ካለ ይዞ ያስቀረዋል፤ ቀለም ያወጣል። ሁለተኛው ቦታ ሆርሞን ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ መቅላት አለበት፤ «ሥራዬን ሠርቻለሁ» የሚል የማረጋገጫ መስመር ነው። ይህ የማረጋገጫ መስመር ካልወጣ፣ ሌላው ቢወጣም ባይወጣም፣ መመርመሪያው ተበላሽቷልና ጣሉት።

የሚነበበው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ያየሁትን አልቀበልም፤ እናንተም አትቀበሉ። ሽንቱ ሲደርቅ ቀለም የሌለው ግራጫ ጥላ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ጠዋት ቆሻሻ ውስጥ የጣሉትን ማታ አውጥቶ አይቶ የሚደነግጥ ሰው አለና ነው። በሰዓቱ የወጣ ቀለም ያለው መስመር ግን ደብዛዛ ቢሆንም መስመር ነው። ደብዛዛ ማለት «ትንሽ አርግዘሻል» ማለት አይደለም፤ ሆርሞኑ ገና ጥቂት ነው ማለት ነው። በሁለት በሦስት ቀን ብትደግመው ይደምቃል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረውን የስኳር፣ የጨውና የጥርስ ሳሙና ምርመራ በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ሽንት ጥርስ ሳሙና ላይ ሲፈስ አረፋ ያወጣል፤ የወንድም ሽንት ያወጣል።

ይህን ስል ግን የጥንት ሰዎችን መናቄ አይደለም። የዓባይን ውኃ የጠጡት ግብፆች ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የጻፉት የሕክምና መጽሐፍ በርሊን ውስጥ አለ። ሴትየዋ ሽንቷን ስንዴና ገብስ ላይ ታፍስ፤ ከበቀለ አርግዛለች ይላል። በ1963 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዎች ሞከሩት፤ ከነፍሰ ጡሮቹ ሽንት 70 በመቶ ገደማው እህሉን አብቅሏል። ገብስ ከቀደመ ወንድ፣ ስንዴ ከቀደመ ሴት የሚለው ግን አልሆነም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች የሴቲቱን ሽንት አይጥ ላይ እየወጉ የአይጧን እንቁላል ዕጢ ከፍተው ያዩ ነበር። ቀጥሎ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች እንቁራሪት ተተካች፤ ነፍሰ ጡር ሽንት ከተወጋች በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። እንቁራሪቷ ስለማትሞት ደግማ ታገለግላለች። በየሆስፒታሉ ገንዳ ውስጥ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ትቀለብ ነበር።

ምርመራውን ወደ ቤት ያመጣችው ሐኪም አይደለችም። ማርጋሬት ክሬን የምትባል፣ በኒው ጀርዚ በአንድ የመድኃኒት ድርጅት የመዋቢያ ማሸጊያ እንድትነድፍ የተቀጠረች ወጣት ናት። በ1967 ላቦራቶሪው ውስጥ የተደረደሩትን የሽንት ብልቃጦች አይታ «ሴቲቱ ራሷ ለምን አታየውም?» አለች። የወረቀት መያዣ ቅንጥብ የሚቀመጥበትን የፕላስቲክ ሣጥን ወስዳ የመጀመሪያውን ሠራች። አለቆቿ ወዲያው አልወደዱላትም። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የበቃው አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ውጤቱን ለማየት ሁለት ሰዓት ያስጠብቅ ነበር። የዚያ ዘመን ማስታወቂያ ሐቀኛ ነበር ልበል፤ «አለ» ሲል 97 በመቶ፣ «የለም» ሲል 80 በመቶ ትክክል ነው ይል ነበር። ዛሬ ሣጥኑ ላይ «99 በመቶ» ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። እሱ ወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን ጀምሮ፣ በላቦራቶሪ፣ በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ነው። የዛሬዎቹ እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ የጥንቱ ልዩነት ግን አልጠፋም። «አለ» ሲል እመኑት፤ «የለም» ሲል ቀኑን ተጠራጠሩ።

እንግዲህ አንድ መስመር ወጥቶ ወር አበባም ካልመጣ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት። ሁለተኛውም «የለም» ካለና ወር አበባው እምቢ ካለ ሦስተኛ ወረቀት አትግዙ፤ ገንዘቡን ለጤና ጣቢያ ካርድ አድርጉት። የታይሮይድ፣ የእንቁላል ዕጢ ወይም ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል።

ሁለት መስመር ከወጣ በአብዛኛው እርግዝና ነው። በቅርቡ የወለደች ወይም ያስወረዳት ሴት ግን ሆርሞኑ ከደሟ እስኪጠራ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ባዶ ማህፀን ይዛ ሁለት መስመር ልታይ ትችላለች። ለመካንነት ሕክምና ይኸው ሆርሞን በመርፌ የሚሰጣት ሴትም እንዲሁ፤ እሷ ሐኪሟ በቀጠረላት ቀን ብቻ ትመርመር። ሁለት መስመር አይታ በሳምንቱ ወር አበባ የሚመጣባትም አለች። ፅንሱ ተጣብቆ ሳይጸና ቀርቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ዕቃ ስላነሣች ወይም ስለተናደደች የመጣ አይደለም። ቀድመው የሚመረምሩ ሴቶች ይህን ሐዘን ያዩታል፤ ቀን የጠበቁት «ዘንድሮ ትንሽ ዘግይቶብኝ ነበር» ብለው ያልፉታል። ለመጠበቅ ይህም አንድ ምክንያት ነው።

አሁን የምናገረውን ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ አሰሙልኝ። መመርመሪያው እርግዝናው የት እንዳለ አይናገርም። ፅንሱ ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ቀርቶም ሁለት መስመር ይወጣል። ሁለት መስመር ያየች ሴት ከሆዷ በታች፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን፣ ብርቱ ሕመም ከያዛት፣ ደም ከፈሰሳት፣ ራሷን ካዞራት ወይም ራሷን ከሳተች፣ ወይም ሳትመታ የትከሻዋ ጫፍ ካመማት ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቅ። ቱቦው ሲፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ በውጭ ጥቂት ብቻ ሊታይ ይችላል። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል።

ይህ ከሌለ ግን ለአልትራሳውንድ አትሩጡ። ወር አበባ በቀረ በሦስተኛው ቀን የሚያሳየው ነገር የለም፤ «ማህፀኑ ባዶ ነው» ተብላችሁ በከንቱ ትደነግጣላችሁ። ከረጢቷ የምትታየው በአምስተኛው ሳምንት ገደማ፣ የልብ ምቱም በስድስተኛው ነው፤ በሐኪሙ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሾፌሩ ባል እንዳይረሱት።

ለክትትል ግን ጊዜ አትስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት የነፍሰ ጡር ክትትል በነፃ ነው። ፎሊክ አሲድ የምትባለው እንክብል በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ትወሰዳለች፤ የሕፃኑ የአከርካሪ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በአራተኛው ሳምንት፣ ብዙ ሴት ገና መመርመሯን በምታስብበት ጊዜ ነው። ልጅ የምታስቡ ሴቶች ሁለት መስመር ሳትጠብቁ ጀምሩት። እርግዝናው ያልታሰበ ከሆነም የምትሄዱት እዚያው ጤና ተቋም ነው። ሕጉ ምን እንደሚፈቅድ የሚነግራችሁ ባለሙያው ነው፤ በጓሮ የሚቀመም መድኃኒት ብዙ እናት ገድሏል።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ አዋላጇ አስቀድማ የምትጠይቃችሁ «የመጨረሻ ወር አበባሽን ያየሽበት የመጀመሪያው ቀን መቼ ነው?» ብላ ነው። «ለመስቀል አካባቢ ይመስለኛል» የሚል መልስ እሷንም ያንገላታታል፣ እናንተንም። ዛሬ ማታ ካላንደሩ ላይ ምልክት አድርጉ።

ለፋርማሲ ባለሙያዎችም አንድ ልመና አለኝ። ያቺ የጥርስ ሳሙና ዋጋ ስትጠይቅ የቆየች ልጅ ስትመጣላችሁ ወረቀቷን ጠቅልላችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ቀኗን ጠይቋት። ገና ከሆነ «ከሰኞ በኋላ፣ ጠዋት» በሏት። ማንም እንዳይሰማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።